ከአቅም በላይ የሆነን ነገር በጸሎት ለእግዚአብሔር መስጠት፦ ደረጃ በደረጃ

«ጸለይኩ፤ ግን ከጸሎቱ ስነሳ ጭንቀቱ እዚያው ነው።» ይህን የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ እምነት ጎድሏቸው አይደለም። «ጌታ ሆይ» ብለው ይጀምሩና ቀኑን ሙሉ ሲያመነዥኩት የዋሉትን ሐሳብ ዓይናቸውን ጨፍነው ደግመው ያመነዥኩታል። ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ሲነሱ የባሰ ፈርተዋል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ለእግዚአብሔር የተነገረው ምናልባት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው።

ይህ መመሪያ ውጤቱ በእጃችሁ ላልሆነ ነገር ነው። የሕክምና ምርመራ ውጤት እየጠበቃችሁ ይሆናል። ከሥራ የመቀነስ ወሬ ሰምታችሁ፣ የፍርድ ቀን ተቀጥሮባችሁ፣ ወይም የምትወዱት ሰው በሱስ ተይዞባችሁ ይሆናል። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። በተለይ ሁለተኛውንና አራተኛውን ደረጃ የዘለለ ሰው ሰባተኛው ላይ ይቸገራል።

## ከመጀመራችሁ በፊት

አስቸኳይ ከሆነ መጀመሪያ እርምጃ ውሰዱ። ሰው እየታመመ፣ አደጋ እየደረሰ ወይም ጥቃት እየተፈጸመ ከሆነ እርዳታ ጥሩ። መንገድ ላይ እያላችሁ ጸልዩ። ነህምያ ንጉሡ ፊት ቆሞ ጥያቄ ሲቀርብለት በልቡ ጸለየና ወዲያው መለሰ (ነህምያ 2፥4-5)። አጭር ጸሎትም ጸሎት ነው።

ሰውነታችሁን አስቀድሙ። ካልበላችሁ ብሉ። ሌሊቱን ካልተኛችሁ መጀመሪያ ተኙ። ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ሞትን ሲለምን መልአኩ ያለው «ተነሥና ብላ» ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ (1ኛ ነገሥት 19፥5-7)። ነቢዩ ረጅሙን ንግግር ከእግዚአብሔር ጋር ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው። የደከመ ሰው ሁሉ ነገር ያለቀለት ይመስለዋል። በዚያ ሰዓት የደረሳችሁበትን መደምደሚያ አትመኑት።

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ሰው የማይገባበት ቦታ። ቤት ውስጥ ካጣችሁ የቆመ መኪና ወይም ጭር ያለ መንገድ ይበቃል።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ አትጻፉ፤ መልእክት ሲገባ ታቋርጣላችሁ።
- ለመጀመሪያው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ገደማ። በሚቀጥሉት ቀናት ከዚያ ያነሰ ይበቃችኋል።
- መዝሙረ ዳዊት። ቁጥሩ በእትሞች መካከል በአንድ ሊለያይ እንደሚችል አስታውሱ። እዚህ መዝሙር 13 ያልኩት አንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ 12 ነው።

ስልኩን ሌላ ክፍል አድርጉት። ድምፁን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ውጤት የሚጠብቅ ሰው እጁ ሳያውቀው ወደ ስልኩ ይሄዳል።

## ደረጃ 1፦ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

አሁን በእርግጥ የሆነውን ብቻ ጻፉ። «ሐኪሙ ተጨማሪ ምርመራ አዟል፤ ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል።» እዚህ ላይ አቁሙ። «ካንሰር ነው፤ ልጆቼን ማን ያሳድጋቸዋል?» የሚለው ገና አልሆነም። እሱን ከስር «የምፈራው» ብላችሁ ለብቻው ጻፉት። አትሰርዙት፤ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

ሕዝቅያስ ከአሦር ንጉሥ መልእክተኞች የማስፈራሪያ ደብዳቤ ሲደርሰው አነበበው፣ ወደ ቤተ መቅደስ ወጣ፣ ደብዳቤውንም በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው (2ኛ ነገሥት 19፥14)። እናንተም ወረቀቱን ፊታችሁ ዘርጉት።

ካልሆነላችሁ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር አልበቃ ካለ ያላችሁ ችግር ምናልባት አንድ አይደለም። ሦስት አራት ነገር ተደራርቦ አንድ ትልቅ ነገር መስሏችኋል። ለየብቻ ጻፏቸውና ዛሬ አንዱን ብቻ ያዙ። በጣም የከበዳችሁን ምረጡ።

## ደረጃ 2፦ የእናንተን ድርሻ ከእግዚአብሔር ድርሻ ለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስለዚህ ቀስ በሉ።

ወረቀቱን መሃል ላይ በመስመር ክፈሉት። በአንድ በኩል «የእኔ»፣ በሌላ በኩል «የእሱ» (የእግዚአብሔር ማለት ነው) በሉ። ከዚያ ከነገሩ ጋር የተያያዘውን ሁሉ እያነሳችሁ ወደየቦታው ክተቱ። የምትለዩበት ቀላል መንገድ አለ። ዓረፍተ ነገሩን ስትጽፉት ድርጊቱን የሚፈጽመው ማን ነው? «ለወንድሜ እደውልለታለሁ» ከሆነ ደዋዩ እናንተ ናችሁ፤ ወደ «የእኔ» ይገባል። «ወንድሜ መጠጥ ያቆማል» ከሆነ የሚያቆመው ወንድማችሁ ነው። እናንተ ልታቆሙለት አትችሉም። ወደ «የእሱ» ይገባል።

ስለ ሥራ ከሆነ ደግሞ፦

- የእኔ፦ የዛሬውን ሥራ በደንብ መሥራት፣ የሥራ ማስረጃዬን ማዘጋጀት፣ ወጪ መቀነስ፣ ሌላ ቦታ ማመልከት።
- የእሱ፦ የአለቆቼ ውሳኔ፣ የድርጅቱ ገቢ፣ የሚከፈት ሌላ በር፣ የሚከፈትበትም ጊዜ።

ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንደኛው ሁሉንም «የእኔ» ስር መጻፍ ነው። ይህ ሰው የሌላውን ሰው ልብ፣ የዳኛውን ብይን፣ የነገውን ቀን ሁሉ ተሸክሞ ይዞራል፤ ሲጸልይም እግዚአብሔርን የሚለምነው የራሱን እቅድ እንዲያስፈጽምለት ነው። ሁለተኛው ሁሉንም «የእሱ» ስር መጻፍ ነው። «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ይልና ቀጠሮውን አይሄድም፣ ማመልከቻውን አያስገባም፣ ዕዳውን አይቆጥርም። የኢየሩሳሌምን ቅጥር የሚሠሩት ሰዎች ጠላት ሲዝትባቸው ጸለዩ፤ ቀንና ሌሊት የሚጠብቅ ዘበኛም አቆሙ (ነህምያ 4፥9)። ጸሎቱና ዘበኛው በአንድ ቁጥር ውስጥ ተጽፈዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ መድኃኒታችሁን ማቋረጥ «የእሱ» ድርሻ ውስጥ የለም። የታዘዘላችሁን እየወሰዳችሁ ጸልዩ። የሚመታችሁ ሰው ጋር ዝም ብሎ መቆየትም የእምነት ማሳያ አይደለም። ራሳችሁንና ልጆቻችሁን ከአደጋ ማራቅ «የእኔ» ስር የሚጻፍ የመጀመሪያው መስመር ነው።

## ደረጃ 3፦ ልባችሁን አፍስሱ

አሁን ጸሎቱ ይጀምራል። ድምፅ አውጥታችሁ ጸልዩ፤ በሹክሹክታም ይሆናል። ሐሳብ በውስጥ ብቻ ሲሆን ይንሸራተታል።

በምስጋና ካልጀመርኩ ብላችሁ አትጨናነቁ። የከፋው ሰው አፉን አስገድዶ «ሁሉ መልካም ነው» ካለ በኋላ የሚጸልየው በሙሉ ልቡ አይሆንም። መዝሙር 13ን ተመልከቱ። ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት «እስከ መቼ» የሚል አቤቱታ ናቸው። ቀጣዮቹ ሁለት ልመና፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት መታመንና ዝማሬ። አቤቱታው መጀመሪያ ነው የመጣው። በዚሁ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ደረጃ 1 ላይ «የምፈራው» ብላችሁ የጻፋችሁትን አውጡና አንድ በአንድ ንገሩት። «ልጄን አጣዋለሁ ብዬ ፈርቻለሁ።» «ተናድጃለሁ፤ ለምን እኔ እላለሁ።» ሐና እንዲህ ስትጸልይ ካህኑ የሰከረች መሰለው፤ እሷ ግን ልቧን እያፈሰሰች ነበር (1ኛ ሳሙኤል 1፥13-15)። እንባ ከመጣ ይምጣ።

ገደብ ግን አብጁ። ዝርዝሩ ሲያልቅ ይህ ደረጃ አልቋል። ያንኑ ፍርሃት ለሦስተኛ ጊዜ ስትናገሩ ራሳችሁን ካገኛችሁ ወደ ማመንዠክ ተመልሳችኋል፤ ወደ ደረጃ 4 እለፉ።

## ደረጃ 4፦ የምትፈልጉትን በግልጽ ለምኑ

«ፈቃድህ ይሁን» የሚለው ላይ ቶሎ አትድረሱ። ብዙ አማኝ ይህን ቃል መከለያ ያደርገዋል። የፈለገውን በግልጽ ቢለምንና ባያገኝ እንዳይሰበር ይፈራል። ስለዚህ ምንም ሳይለምን «አንተ ታውቃለህ» ብሎ ይነሳል። ምንም ያልለመነ ሰው ደግሞ አሳልፎ የሚሰጠው ነገር የለውም።

ኢየሱስ በጌቴሴማኒ መጀመሪያ የፈለገውን ተናገረ፦ «አባቴ፥ ቢቻልስ፥ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ»። ከዚያ ነው «አንተ እንደምትወድ ይሁን እንጂ እኔ እንደምወድ አይሁን» ያለው (ማቴዎስ 26፥39)።

ልመናችሁን በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር አድርጉት። «ውጤቱ ነፃ እንዲሆን እለምንሃለሁ።» «ወንድሜ ለመታከም እሺ እንዲል እለምንሃለሁ።» ቀን ጻፉበት። ለራሳችሁም ለምኑ፦ ለዛሬ የሚበቃ ብርታት፣ ለሐሙስ ጠዋት የተረጋጋ ልብ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ለመሳል አትቸኩሉ። «ይህን ካደረግክልኝ ይህን እሰጣለሁ» የሚል ቃል በጭንቅ ሰዓት በቀላሉ ይወጣል፤ መፈጸሙ ግን ከባድ ነው። ዮፍታሔ የተሳለው ስለት ልጁን አሳጣው (መሳፍንት 11)። እግዚአብሔር ለመስማት ክፍያ አልጠየቀም።

## ደረጃ 5፦ ውጤቱን አስረክቡ

ወረቀቱን አንሱ። «የእሱ» የሚለውን ረድፍ እያነበባችሁ እያንዳንዱን በስሙ አስረክቡ። በጅምላ «ሁሉን ሰጥቼሃለሁ» ማለት አይሠራም፤ በጅምላ የተሰጠ ነገር በችርቻሮ ይመለሳል። እንዲህ በሉ፦

«ጌታ ሆይ፣ የአለቆቼ ውሳኔ በእኔ እጅ አይደለም። ለአንተ ሰጥቼዋለሁ። ሌላ በር የሚከፈትበት ጊዜ በእኔ እጅ አይደለም። ለአንተ ሰጥቼዋለሁ።»

በመጨረሻ ከባዱን ጨምሩ፦ «እኔ እንደለመንኩት ባይሆንም አንተን አልተውም። አንተም አትተወኝም።» ሦስቱ ወጣቶች በእሳቱ እቶን ፊት ያሉት ይህን ነው፦ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነንም እንኳ ለጣዖቱ አንሰግድም (ዳንኤል 3፥17-18)።

ይህን ማለት ካልቻላችሁ አትዋሹ። ያልቻላችሁትን ራሱን ጸልዩት፦ «ይህን ማለት አልቻልኩም። እርዳኝ።» «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለው አባት (ማርቆስ 9፥24) ልጁ ተፈውሶለታል። ግማሽ እምነቱን ይዞ ነው የመጣው። እናንተም የዛሬን ብቻ ስጡ፦ «እስከ ማታ ድረስ ሰጥቼሃለሁ።» ማታ ደግሞ ስለ ሌሊቱ ትነጋገራላችሁ።

## ደረጃ 6፦ ተነሱና አንድ ነገር ሥሩ

«አሜን» እንዳላችሁ «የእኔ» ከሚለው ረድፍ ትንሹን ምረጡና ወዲያው አድርጉት። ስልክ መደወል፣ ሰነድ መፈለግ፣ ቀጠሮ መያዝ። ተቀምጣችሁ «አሁን ሰላም ተሰማኝ?» እያላችሁ ራሳችሁን አትመርምሩ። ስሜት ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል።

«የእኔ» ስር የሚሠራ ከሌለ፣ ለምሳሌ የሚጠበቀው ውጤት ብቻ ከሆነ፣ የተለመደውን የቤት ሥራችሁን ሥሩ። ሐና ስትነሳ ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከዚያ በኋላ አላዘነም (1ኛ ሳሙኤል 1፥18)። ልጁን ገና አልፀነሰችም ነበር።

## ደረጃ 7፦ ጭንቀቱ ሲመለስ

ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ፣ በተለይ ደግሞ ሌሊት ይመለሳል። ብዙዎች «ከልቤ አልሰጠሁም ማለት ነው» ብለው የሚተዉት እዚህ ነው። ተሳስተዋል። ኢየሱስ ራሱ በዚያች የጌቴሴማኒ ሌሊት ሄዶ ተመልሶ ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ጸልዮአል (ማቴዎስ 26፥44)። መደጋገሙ የእምነት ጉድለት ቢሆን ኖሮ እሱ ባላደረገው።

ሲመለስ ከደረጃ 1 አትጀምሩ። ይህን አድርጉ፦

1. ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። የምታስወጡት ትንፋሽ ከምታስገቡት ይርዘም። ጥቂት ጊዜ ድገሙት። ልባችሁ እየደለቀ ቃል አይገጣጠምም።
2. ጠይቁ፦ «ይህ አዲስ መረጃ ነው ወይስ ያው የድሮው?» አዲስ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ወደየረድፉ ጨምሩት። ያው ከሆነ ወደ 3 ሂዱ።
3. አንድ ዓረፍተ ነገር በሉ፦ «ይህን ጠዋት ሰጥቼሃለሁ፤ አሁንም የአንተ ነው።» አታብራሩ። ክርክር ውስጥ አትግቡ።
4. እጃችሁን ሥራ ላይ አውሉ። ሌሊት ከሆነ መብራት አብሩና መዝሙር ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። አልጋ ላይ አትገላበጡ።

በቀን ሃያ ጊዜ ቢመጣ ሃያ ጊዜ ይህንኑ አድርጉ። «የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት» (1ኛ ጴጥሮስ 5፥7) የሚለው ቃል ስንት ጊዜ የሚል ገደብ የለውም።

ጭንቀቱን ራሳችሁ እየመገባችሁ እንዳልሆነም አረጋግጡ። ስለ በሽታው ሌሊት ኢንተርኔት መፈለግ፣ ስልክ በየአምስት ደቂቃው ማየት፣ ወሬ ከሚያባብሱ ሰዎች ጋር መዋል፤ እነዚህን ሳትቆርጡ ሰላም መጠበቅ ከንቱ ልፋት ነው። መረጃ የምታዩበት አንድ ሰዓት መድቡ። ከዚያ ውጭ አትክፈቱ።

በየጠዋቱ ደግሞ ደረጃ 5ን በአጭሩ ድገሙ። መናው የሚሰበሰበው በየማለዳው ነበር፤ ለነገ ያስቀሩት ተላ (ዘጸአት 16፥20)። የሚመጣውን ሳምንት ሙሉ የሚያሻግር ብርታት ዛሬ አትጠብቁ።

## ደረጃ 8፦ ሌላ ሰው ጨምሩ

ሙሴ እጁ ሲዝል አሮንና ሖር ደገፉት (ዘጸአት 17፥12)። አንድ ወይም ሁለት ሰው ይበቃል። ምስጢር የሚጠብቅ፣ ንግግር የማያበዛ፣ ምክር ከመስጠቱ በፊት የሚሰማ ሰው ምረጡ። የምትፈልጉትንም በግልጽ ንገሩት፦ «እንድትመክረኝ አይደለም። ሐሙስ ጠዋት ስለዚህ ጉዳይ እንድትጸልይልኝ ነው።»

ከእነዚህ ራቁ፦ ለጸሎት ገንዘብ ከሚያስከፍል፣ «ጌታ ነግሮኛል» እያለ ስለ ሕክምናችሁ ወይም ትዳራችሁ ከሚወስንላችሁ፣ የደረሰባችሁን ሁሉ በኃጢአታችሁ ከሚያመካኝ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን በደለ?» ብለው ሲጠይቁ ኢየሱስ እሱም ወላጆቹም በበደላቸው አይደለም ብሎ መልሷል (ዮሐንስ 9፥3)።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ቃል ሲጠፋ፦ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ሮሜ 8፥26 መንፈስ በማይነገር መቃተት እንደሚማልድልን ይናገራል። ወይም «አቤቱ ማረኝ» ብቻ በሉ። የተጻፈ ጸሎት ካላችሁ አንብቡ፤ የሌላ ሰው ቃል መዋስ ነውር የለበትም።

ምንም ሳይሰማችሁ ሲቀር፦ በተመደበው ሰዓት ቀጥሉ፤ ሰዓቱን ግን አሳጥሩ። መዝሙር 88 (87) በጩኸት ይጀምራል፣ በጨለማ ይጨርሳል። እሱም ከጸሎቶቹ መካከል ተቀምጧል።

መልሱ ሲዘገይ፦ ልመናችሁን ከእነቀኑ መልሳችሁ አንብቡ። አሁንም የምትፈልጉት ያንን ነው? ተቀይሮ ከሆነ አዲሱን ጻፉ። ካልተቀየረ ያንኑ ለምኑ።

መልሱ «አይሆንም» ሲሆን፦ ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ ቀላል መንገድ አለው ብዬ አላታልላችሁም። ጳውሎስ የሥጋውን መውጊያ እንዲያርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር (2ኛ ቆሮንቶስ 12፥8-9)። እምነታችሁ ስላነሰ ነው የሚላችሁን አትስሙ። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። አልቅሱ፣ ጠይቁ፣ ተቆጡ፤ ለእሱው ንገሩት። የምስጋና ቃል ለጊዜው ቢጠፋ አትገደዱ።

ጭንቀቱ ከቁጥጥር ሲወጣ፦ እንቅልፍ፣ ምግብና ሥራ ለሳምንታት ከተዛባ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ሂዱ። የመሞት ሐሳብ ከመጣ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገሩና የሕክምና እርዳታ ፈልጉ። ጸሎቱን አታቋርጡም፤ ሕክምናው ከእሱ ጎን ይሄዳል።

## ጉዳዩ ሲያልቅ

ውጤቱ መልካም ከሆነ በዚያው ቀን አመስግኑ። ከተፈወሱት አሥር ለምጻሞች የተመለሰው አንዱ ብቻ ነበር (ሉቃስ 17፥15-17)። የጸለየላችሁንም ሰው ደውላችሁ ንገሩት፤ ጭንቀቱን አካፍላችሁት መልሱን አትደብቁት።

እንደፈራችሁት ከሆነ ደግሞ ዳዊትን አስቡ። ልጁ ታሞ ሳለ ጾመ፣ መሬት ላይ ተኛ፣ ለመነ። ልጁ ሲሞት ተነሣ፣ ታጠበ፣ ልብሱን ለወጠ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፣ ከዚያ በላ (2ኛ ሳሙኤል 12፥16-20)። የእናንተ ሐዘን በዚያ ፍጥነት ላይሄድ ይችላል፤ መሄድም የለበትም። ግን ታጠቡ፣ ብሉ፣ ደረጃ 8 ላይ የመረጣችሁትን ሰው ጥሩት።

ከዚያ አዲስ ወረቀት አውጡና መስመሩን መሃል ላይ አስምሩ። ከሐዘኑም በኋላ በእጃችሁ ያለና የሌለ ነገር ይኖራል።